ለአገር መከላከያ የሚታመን ማይክሮቺፕ፦ አጥሩና ማስረጃው

ክቡራንና ክቡራት፣

አንድ አገር ሚሳኤሉን የሚመራውን፣ የራዳሩን ምልክት የሚተነትነውንና የአዛዦቹን ምስጢር የሚጠብቀውን ማይክሮቺፕ በሌላ እጅ ሲያሠራ፣ ቺፑ የታዘዘውን ሥራ ብቻ እንደሚሠራ፣ በሚፈለግበት ጊዜም በሚፈለገው መጠን እንደሚገኝ በምን ያረጋግጣል? የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ቺፕ የሚያመርቱትንም የማያመርቱትንም አገሮች ይመለከታል፤ ንድፉን፣ ማሽኑን፣ ጥሬ ዕቃውን፣ ፋብሪካውንና ማሸጊያውን ሁሉ በራሱ ድንበር ውስጥ የያዘ አገር ዛሬ በዓለም ላይ የለምና። አብዛኛውን ማስረጃ የምወስደው ከአሜሪካ ልምድ ነው፤ አገሪቱ በጉዳዩ ላይ ረጅም ዘመን ደክማበታለች፣ የተሳካላትንም ያልተሳካላትንም በምክር ቤት ሰነዶች ለሕዝብ ይፋ አድርጋለች። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምከራከርለትን ሐሳብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። የመከላከያ ተቋማት ለብዙ ዓመታት እምነታቸውን የጣሉት በፋብሪካው አጥር ላይ ነበር፤ ፋብሪካው በአገር ውስጥ ካለ፣ ባለቤቱ የአገሩ ሰው ከሆነና ሠራተኞቹ በጸጥታ ተቋማት ከተጣሩ ቺፑ የታመነ ነው ይባል ነበር። አጥር ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን አጥር ይሸጣል፣ ያረጃል፣ የፋብሪካው ቴክኖሎጂም ከዓለም ወደኋላ ይቀራል። የሚያዛልቀው እምነት እያንዳንዱ ቺፕ ከንድፉ ጀምሮ በመሣሪያው ላይ እስኪገጠም ድረስ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳይና ሌላ ሰው መልሶ ሊፈትሸው በሚችል ማስረጃ ላይ የቆመው ነው።

ጉዳዩ ለምን እንዲህ እንደተወሳሰበ ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል። ጃክ ኪልቢ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1958፣ ሮበርት ኖይስ ደግሞ በፌርቻይልድ በ1959 ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ላይ አዋሕዶ የመሥራትን መንገድ ሲያገኙ፣ ያንን ውድና ያልተፈተነ ዕቃ ለመግዛት የደፈረው ደንበኛ መንግሥት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ቺፖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሄዱት ወደ ሚኒትማን 2 ሚሳኤልና ወደ አፖሎ የጨረቃ ጉዞ የመምሪያ ኮምፒውተር ነበር። በዚያ ዘመን ጦሩ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ፋብሪካው ያንኑ ይሠራል። ዛሬ ግን ገበያው በስልክ፣ በኮምፒውተር፣ በመኪናና በመረጃ ማዕከላት ተይዟል፤ የአሜሪካ መከላከያ ድርሻ ከዓለም የቺፕ ግዢ 2 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው ተብሎ ይገመታል። ከዓለም የማምረት አቅም በአሜሪካ ምድር ላይ ያለው ድርሻም በ1990 ከነበረበት 37 በመቶ በ2020 ወደ 12 በመቶ ወርዷል። እንግዲህ የአሁኑ የመከላከያ ገዢ ጥቂት የሚያዝዝ፣ ጥብቅ መስፈርት የሚያበዛና ያዘዘውን ዕቃ ለ30 ዓመት ካላገኘሁ የሚል ደንበኛ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደንበኛ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አዲስ ትውልድ የሚያወጣ ኢንዱስትሪ ቀዳሚ ተራ አይሰጠውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተለያዩ ስጋቶች ሁልጊዜ ይደባለቃሉ። አንደኛው ቺፑ ተነክቷል ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ቺፑ ይገኛል ወይ የሚለው። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ልመልከታቸው።

የመጀመሪያው ስጋት ከቺፕም ይቀድማል። በ1984 የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ሞስኮ ከሚገኘው የአገሩ ኤምባሲ ቶን በሚመዝን መጠን የቢሮ መሣሪያ ነቅሎ ወደ አገሩ አስመጣና አንድ በአንድ በራጅ አነሣው። በ16 የኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪናዎች ውስጥ ተራ በሚመስል የብረት ዘንግ ሆድ የተደበቀ መሣሪያ ተገኘ፤ ጸሐፊዋ እያንዳንዱን ፊደል ስትመታ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች መግነጢሳዊ ለውጥ እያነበበ የተጻፈውን በሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ኤምባሲው ለዓመታት ሲጽፍበት አንድም የተለየ ነገር አላየም፤ መኪናዎቹ በደንብ ይጽፉ ነበርና። ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም የከፋ ነው። ክሪፕቶ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ከ100 ለሚበልጡ አገሮች የምስጢር መልእክት መሣሪያ ሲሸጥ ኖሯል። በ1970 የአሜሪካው ሲአይኤና የምዕራብ ጀርመን የስለላ ድርጅት በድብቅ ገዝተውት እንደነበርና መሣሪያዎቹም መልእክቱ እንዲነበብ ሆነው ይሠሩ እንደነበር በ2020 በዝርዝር ይፋ ሆነ። ገዢዎቹ አገሮች ያመኑት የአንድን ገለልተኛ አገር ስም ነበር። መሣሪያውን በራሳቸው ባለሙያ ከፍተው እንዲመረምሩ የሚያስችል ማስረጃ ግን በእጃቸው አልነበረም።

በቺፕ ላይ ሲሆን ነገሩ በእጅጉ ይረቅቃል። ዛሬ አንድ የኮምፒውተር ቺፕ ከ10 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተር፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሊይዝ ይችላል፤ ከዚህ ሁሉ መካከል ጥቂቶቹን የሚነካ ስውር ሰርኪውት የሚጨምር ሰው ሊያገኝ የሚችልበት ቦታ ብዙ ነው። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ፣ ከሌላ ኩባንያ ተገዝቶ በንድፉ ውስጥ የገባው ዝግጁ ክፍል፣ የንድፍ ሶፍትዌሩ፣ ፋብሪካው፣ ማሸጊያው፣ ሁሉም በር ናቸው። በ2016 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በቺፑ ላይ እጅግ ጥቃቅን የሆነ ኤሌክትሪክ ቋጣሪ ጨመሩ፤ ቋጣሪው በአጠገቡ ባለ ሽቦ ላይ አንድ የተወሰነ እንቅስቃሴ በተደጋገመ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየሞላ ይሄዳል፣ ሲሞላም ለአጥቂው ፕሮግራም የበላይ ሥልጣን የሚሰጠውን ምልክት ይገለብጣል። እንቅስቃሴው ሲቆም ቋጣሪው መልሶ ይፈስና ምንም ያልተከሰተ ይመስላል። የተለመደው የፋብሪካ ፍተሻ ቺፑ ማድረግ ያለበትን ማድረጉን ይጠይቃል እንጂ ማድረግ የሌለበትን ሁሉ አለማድረጉን አይጠይቅም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ጥቃት በተለመደው ፍተሻ አይያዝም።

ለዚህ ስጋት አሜሪካ የሰጠችው ዋና መልስ አጥሩ ነበር። መከላከያ ሚኒስቴሩ በ2003 የታመነ የቺፕ አቅርቦት ፖሊሲ አወጣ፤ በ2004 ደግሞ ከአይቢኤም ጋር ውል ገብቶ የኩባንያውን ፋብሪካዎች የታመነ ፋብሪካ በሚል ዕውቅና መጠቀም ጀመረ። አሠራሩ ለአሥር ዓመት ያህል ሠርቷል፤ ለዘመናዊዎቹ ቺፖች ግን የተደገፈው በአንድ ኩባንያ የንግድ ፍላጎት ላይ ብቻ ነበር። አይቢኤም የቺፕ ምርቱ ኪሳራ ሲሆንበት በ2014 ፋብሪካዎቹን ለግሎባልፋውንድሪስ ለማስረከብ ተስማማ፤ ገንዘብ መቀበሉ ቀርቶ ራሱ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው ያስረከበው። ተረካቢው ኩባንያ ፋብሪካዎቹ በአሜሪካ ቢሆኑም የአቡዳቢ መንግሥት የኢንቨስትመንት ድርጅት ንብረት ነበር። ርክክቡ በ2015 ሲጠናቀቅ መከላከያ ሚኒስቴሩ የታመነ ያለው አጥር በአንድ ጀንበር የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበት። ከዚያም በ2019 ከእነዚህ ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው የኢስት ፊሽኪሉ ፋብሪካ ኦን ሴሚኮንዳክተር ለተባለ ሌላ ኩባንያ እንዲሸጥ ስምምነት ተደረገና ለጦሩ የሚሠራው ቴክኖሎጂ በኒውዮርክ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ማልታ እንዲዛወር ተወሰነ። ይህን የምለው ኩባንያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። በሕግ የተፈቀደላቸውን የንግድ ውሳኔ ወሰኑ። ስህተቱ የአገር ደህንነት በአንድ አቅራቢ የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ላይ እንዲንጠለጠል መደረጉ ነው።

በጣም የረቀቁትን ቺፖች በተመለከተ ደግሞ አጥሩ ከናካቴው አይደርስም። በ1987 የተቋቋመው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ከዓለም የረቀቁ የሒሳብ ቺፖች እጅግ የሚበዙትን ያመርታል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን፣ እጅግ አጭር ሞገድ ባለው አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያትመውን ማሽን በዓለም የሚሠራው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። አንድ አዲስ ዘመናዊ ፋብሪካ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዓመት ጥቂት ሺህ ቺፕ ለሚፈልግ ሠራዊት ብቻ ይህን ያህል ገንዘብ አፍስሶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና ማፍሰስ ለማንም መንግሥት አያዛልቅም። ስለዚህ መከላከያው የንግዱን ፋብሪካ መጠቀሙ አይቀርም፤ ጥያቄው በምን ማስረጃ ይጠቀማል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስጋት፣ ወደ መገኘቱ ልሻገር። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የሕዝብ ትኩረት ሁሉ በረቀቀው ቺፕ ላይ ሲያርፍ፣ በእኔ ግምት የዕለት ተዕለቱ አደጋ ያለው በአሮጌው ላይ ነው። ቢ-52 የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የመጨረሻው የተሠራው በ1962 ነው፤ እስከ 2050ዎቹ ድረስ እንዲበር ታቅዷል። በዚህ ዕድሜ ውስጥ አንድ የቺፕ ዓይነት ተወልዶ፣ አርጅቶ፣ ከምርት ወጥቶ፣ የሠራው ኩባንያም ፈርሶ ይሆናል። ፋብሪካው ምርቱን ሊያቆም ሲል ለደንበኞቹ የመጨረሻ ግዢ አድርጉ ብሎ ያሳውቃል፤ የመከላከያው በጀት በወቅቱ ካልተፈቀደ ወይም ለስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ የተሠራው ግምት ካነሰ፣ ከዓመታት በኋላ ጥገና ክፍሉ ቺፑን ፍለጋ ወደ ነጋዴና ወደ ደላላ ይወጣል። ፎርጅዱ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከሀብታም አገሮች የተጣለ ኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ በመርከብ ይሄዳል፤ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ያለው የሻንቶው አካባቢ በዚህ ሥራ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ስሙ ተነሥቷል። ቺፖቹ የተበየዱበት ሰሌዳ እሳት ላይ ተይዞ ብየዳው ሲቀልጥ ቺፖቹ ይነቀላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ። ከዚያ የላይኛው ገጽ በሻካራ ወረቀት ይፋቅና የቀድሞው ጽሑፍ ይጠፋል፤ ጥቁር ቅብ ይቀባና አዲስ ስም፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ የምርት ዘመን ይታተምበታል። ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት ብቻ እንዲሠራ የተሠራው ተራ ቺፕ፣ ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ የሚችል የጦር ደረጃ ቺፕ ተብሎ ይሸጣል። ባለሙያው መርማሪ መጀመሪያ የሚያየው በቺፑ ጥግ ላይ ያለችውን፣ የመጀመሪያውን እግር የምታመለክተውን ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ነው፤ ፍቀቱ ጥልቀቷን ይቀንሳል፣ ቅቡም ይሞላታል። ቀጥሎ በአሴቶን የራሰ ጥጥ ይዞ ገጹን ያሻል፤ ቅቡ ከለቀቀ ነገሩ አብቅቷል። ካልለቀቀ በራጅ አይቶ በውስጥ ያለውን የሲሊከን ቁራጭ ስፋትና የሽቦዎቹን አቀማመጥ ከእውነተኛው ጋር ያነጻጽራል፤ በመጨረሻም ማሸጊያውን በአሲድ አሟሙቶ በሲሊከኑ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚነበበውን የአምራቹን ምልክት ይፈልጋል። የምርት ዘመኑ ቁጥርም ራሱ ይመሰክራል፦ 9832 የሚል ካለበት በ1998 ዓመት በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ፋብሪካው ግን ያንን ዓይነት ማምረት ያቆመው በ1995 ከነበረ፣ ሻጩ ምን ይላል?

የአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ በ2012 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ 1,800 ያህል የፎርጅድ ጥርጣሬ ጉዳዮችን አግኝቷል፤ የተጠረጠሩት ክፍሎች ሲደመሩ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። ከእነዚህ መካከል እስከ ምንጫቸው ከተከታተላቸው 100 ያህል ጉዳዮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ቻይና የሚያመሩ ነበሩ። የተነኩት ተራ ዕቃዎች አልነበሩም፤ በሲ-130ጄ የጭነት አውሮፕላን የአብራሪ ማሳያ ሰሌዳዎች ውስጥ ተጠርጣሪ የማስታወሻ ቺፖች ተገኝተዋል። በዚያው ጊዜ ገደማ የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ አንድ የይስሙላ ኩባንያ አቋቁሞ በኢንተርኔት የጦር ደረጃ ክፍሎችን አዘዘ። ከተረከባቸው 16 ክፍሎች አንዱም እውነተኛ አልነበረም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ መርማሪዎቹ ከራሳቸው ፈጥረው ለጠየቁት፣ በዓለም ላይ ኖሮ ለማያውቅ ቁጥር ሳይቀር አለን የሚል ሻጭ መገኘቱና ዕቃውንም መላኩ ነው።

ይህ የደላላ መረብ በሁለት አቅጣጫ እንደሚሠራ አትርሱ። ሩሲ የተባለው የብሪታንያ የመከላከያ ጥናት ተቋም በ2022 በዩክሬን የተያዙ 27 የሩሲያ የጦር መሣሪያዎችን መርምሮ ቢያንስ 450 የውጭ አገር ክፍሎችን አገኘባቸው። በርካታ ነጋዴዎችን እያለፈ የምዕራቡን ቺፕ ወደ ተከለከለበት ሚሳኤል ያደረሰው መንገድና ፎርጅዱን ቺፕ ወደ ወታደራዊ አውሮፕላን ያደረሰው መንገድ ባሕርያቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣበት ታሪክ ይጠፋል። የቺፑን ታሪክ መከታተል የሚችል መንግሥት ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።

መፍትሔውስ? ለአሮጌው ቺፕ መልሱ በአብዛኛው የሚታወቅ፣ የሚጎድለውም ትዕግሥትና በጀት ነው። ከአምራቹ ወይም እርሱ ከፈቀደለት አከፋፋይ ብቻ መግዛት፤ ምርቱ ሳይቆም በፊት ለመሣሪያው ቀሪ ዕድሜ የሚበቃውን ገዝቶ በደረቅና ንጹሕ ክምችት ማስቀመጥ፤ ይህ ካልተቻለ ሰሌዳውን በአዲስ ቺፕ እንደገና መንደፍ። በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አጠገብ ያለው የመከላከያ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ተቋም ከዚህ የሚሻል መንገድ አሳይቷል፦ ከኩባንያዎች ፈቃድ ተቀብሎ፣ ገበያው የተዋቸውን ቺፖች ራሱ በትንሽ መጠን ያመርታል። እንዲህ ያለ ትንሽና ተለዋዋጭ ፋብሪካ የሚፈልገው ወጪ ከዘመናዊው ፋብሪካ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ የቺፕ ኢንዱስትሪ የሌላቸው አገሮችም በትብብር ሊያስቡበት የሚገባ አቅጣጫ ይህ ይመስለኛል።

ለአዲሱ ቺፕ ግን ሥራው የሚጀምረው ከንድፉ ነው። ንድፉን በራስ ሰው መሥራት፣ ከሌላ የተገዛውን እያንዳንዱን ክፍል ከነምንጩ መመዝገብ፣ ከፋብሪካው ከተመለሰው ምርት ናሙና ወስዶ ንብርብር በንብርብር እየገለጡ ፎቶ አንሥቶ ከተላከው ንድፍ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የአሜሪካው የምርምር ኤጀንሲ ዳርፓ ከ2007 ጀምሮ በዚህ ላይ ሠርቷል፤ በ2014 ደግሞ የጎኑ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ የማይበልጥ፣ በእያንዳንዱ ቺፕ ማሸጊያ ውስጥ ተቀምጦ ማንነቱን የሚመሰክር ጥቃቅን መለያ ለመሥራት ፕሮግራም ጀመረ። ሌላው ሐሳብ ምርቱን መክፈል ነው፦ የረቀቁት ትራንዚስተሮች በውጭ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ እነርሱን እርስ በርስ የሚያገናኙት የላይኛዎቹ የብረት ንብርብሮች በታመነ ፋብሪካ ይጨመራሉ፤ የመጀመሪያው ፋብሪካ የቺፑን ሙሉ ሥራ ስለማያውቅ የት ላይ መንካት እንዳለበት ለማወቅ ይቸገራል። አንዱም ዘዴ ብቻውን በቂ አይደለም። ሲደራረቡ ግን የአጥቂውን ወጪ ያበዙታል፣ የመያዝ ዕድሉንም ከፍ ያደርጉታል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በነሐሴ 2022 የጸደቀው የአሜሪካ የቺፕስና የሳይንስ ሕግ 52.7 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። የመጀመሪያው ድጋፍ 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ በ2023 መጨረሻ ይፋ የተደረገው በናሹዋ ከተማ ለሚገኘው፣ ለኤፍ-35 የጦር ጄት ጭምር ቺፕ ለሚያመርተው የቢኤኢ ሲስተምስ ተቋም መሆኑ ምልክትነቱ ትልቅ ነው፤ በ2024 ደግሞ ኢንቴል ለመከላከያ የተለየ አስተማማኝ ምርት እንዲያዘጋጅ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር ተፈቅዶለታል። እነዚህን እርምጃዎች እደግፋለሁ። ነገር ግን በአገር ውስጥ የተሠራ ዋፈር፣ ማለትም ብዙ ቺፖች በአንድነት የሚሠሩበት የሲሊከን ገበታ፣ ለመቆረጥና ለመታሸግ ባሕር ተሻግሮ ወደ እስያ የሚሄድ ከሆነ አጥሩ ግማሽ አጥር ነው፤ ከዓለም የማሸግ አቅም እጅግ የሚበዛው ያለው እዚያ ነው። ጥሬ ዕቃውም እንዲሁ። ለዘመናዊ ራዳር የሚያስፈልገውን ጋሊየም ከሞላ ጎደል ጠቅልላ የምታመርተው ቻይና በ2023 በላኪዎች ላይ የፈቃድ ግዴታ ጣለች፤ በ2024 መጨረሻም ወደ አሜሪካ እንዳይላክ ከልክላ ነበር። በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር ለቺፕ ማተሚያ ጨረር የሚያስፈልገውን ንጹሕ ኒዮን ያመርቱ የነበሩት የዩክሬን ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ፋብሪካ ተሠራ ብሎ ሪባን መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከፋብሪካው በፊትና በኋላ ያለውን መንገድ መጠበቅ ግን ሥነ ሥርዓት የማይደረግለት የዘወትር ሥራ ነው።

በመጨረሻ ማንሣት የምፈልገው በሥራ ላይ ሊውል የተቃረበ ሕግ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በታኅሣሥ 2022 በጸደቀው የ2023 የመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ ኤስኤምአይሲ፣ ዋይኤምቲሲና ሲኤክስኤምቲ ከተባሉት የቻይና አምራቾች የመጣ ቺፕ ያለበትን ዕቃ መንግሥት ለወሳኝ ሥርዓቶች እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ አስገብቷል፤ ክልከላው የሚጸናው ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ነው። የአምስት ዓመት ጊዜ የተሰጠው አቅራቢዎች በሰሌዳዎቻቸው ላይ ያለው ቺፕ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ራሱ ዓመታት ስለሚፈጅባቸው ነው። ዋናው ተቋራጭ ሰሌዳውን ከአንዱ ይገዛል፣ ያ ደግሞ የኃይል መቆጣጠሪያውን ከሌላው፣ ሌላው ቺፑን ከአከፋፋይ፤ ጥያቄው ሦስትና አራት ደረጃ ወርዶ መልስ ይዞ መመለስ አለበት። ስለዚህ የመከላከያ ግዢ የሚፈርሙ ኃላፊዎች ሁሉ፣ የየትኛውም አገር ይሁኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ በውላቸው ውስጥ አንድ ግዴታ እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ፦ አቅራቢው ከዕቃው ጋር የእያንዳንዱን ቺፕ አምራች፣ የተሠራበትንና የታሸገበትን ቦታ፣ የምርት ዘመኑን ቁጥርና ያለፈበትን እጅ ሁሉ የያዘ መዝገብ ያስረክብ፤ ገዢውም ከእያንዳንዱ ርክክብ ናሙና አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር የራሱ ላቦራቶሪ፣ በላቦራቶሪውም ውስጥ ያንን ራጅ ማንበብ የሚችል የሠለጠነ ባለሙያ ይኑረው።